የአባ ካፓውን መታሰቢያ፦ ለፒልሰን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ፒልሰን ያለውን የካቶሊካዊውን የአሜሪካ ጦር ቄስ፣ የአባ ኤሚል ካፓውንን መታሰቢያ በማኅበር ለመሳለም ተስማምተናል። ለደብሩ የምንልከው ረቂቅ ይኸው፦ «የጦር ቄሱ አባ ካፓውን በኮሪያ ምርኮ ላይ ባረፉበት ቀን፣ በሜይ 23፣ መጥተን እንጸልያለን። ስለ ሜዳሊያቸውና ስለ ማዕረጋቸው የሚናገር አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍም ለጎብኚዎች እናበረክታለን።» የሚጨመር፣ የሚቀነስ ካለ ጻፉ።

የቃኘው ዘማች ልጅ፦
አባ ያረፉት በሜይ 1951 ነው። የአባቴ ሻለቃ፣ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው የመጀመሪያው ቃኘው፣ ኮሪያ ቡሳን የደረሰውም በዚያው ወር ነው። ታዲያ ፒልሰን ካለው የአባ ሐውልት አጠገብ የቃኘውን ስም የያዘ ትንሽ የእብነ በረድ ጽሑፍ እንዲቆም ብንጠይቅስ?

የዊቺታዋ አባል፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ግን ያ ግቢ የእሳቸው ነው። ፒልሰን እኮ በእርሻ መሃል ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ቤቶች ናት፤ ከቼክ አገር የመጡ ገበሬዎች መንደር። እሳቸውም በ1916 እዚያው አጠገብ ተወለዱ፤ ከቀሰሱ በኋላም እዚያው አገለገሉ። የነሐስ ሐውልቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው፤ አባ የቆሰለ ወታደር ደግፈው ያሳያል። እዚያ ሌላ ነገር ባይጨመር ይሻላል። ቃኘው አዲስ አበባም፣ ደቡብ ኮሪያ ቹንቾንም የራሱ መታሰቢያ አለው።

የቃኘው ዘማች ልጅ፦
እሺ ልጄ፣ አሳመንሽኝ። በአማርኛው ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል።

የልጆች አስተማሪ፦
እኔ ደግሞ ስለዚያ ጽሑፍ ነው የምለው። ረቂቁ ስለ ክብር ብቻ ነው የሚያወራው፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2013 ስለሰጡት የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ቫቲካን በ2025 ስለሰጠቻቸው «ክቡር» የሚል፣ ወደ ቅድስና የሚያደርስ ማዕረግ። ሰውየው የሉበትም። ከእጃቸው ሥራ እንጀምር።

ኖቬምበር 1950 ሰሜን ኮሪያ፣ ኡንሳን ላይ ማምለጥ ሲችሉ ከቁስለኞች ጋር ቀሩ። አንድ የቻይና ወታደር ቁርጭምጭሚቱ በተሰበረው አሜሪካዊ ወታደር በኸርበርት ሚለር ላይ ጠመንጃ ሲደግን፣ አባ ቀጥ ብለው ሄደው ጠመንጃውን ገፉት። ከዚያ ሚለርን አንስተው ተሸከሙት። ሚለር ሜዳሊያው ሲሰጥ ዋይት ሀውስ ተገኝቷል!

ተማርከው በገቡበት የፒዮክቶንግ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ደግሞ የጣሪያ ቆርቆሮ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ድስት መሳይ ዕቃ ሠሩ። ውሃ አፍልተው ለታመሙት ያጠጡበት ነበር። ተቅማጥ የጣላቸውን ሰዎች ልብስ በእጃቸው ያጥቡ ነበር። ረሃቡ ሲጠና ከካምፑ ጠባቂዎች እህል ሊሰርቁ ይወጣሉ። ሲወጡ ማንን እንደሚማጸኑ ታውቃላችሁ? በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንን። የኛ ሰው ይህን ካነበበ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። እኔ ብሆን ገጹን በዚህ ነው የምከፍተው።

የቃኘው ዘማች ልጅ፦
በጣም ጥሩ። የእንጨቱ መስቀልም አይቅር። ጄራልድ ፊንክ የሚባል አይሁዳዊ አብራሪ አባን በዓይኑ አላያቸውም። ከሞታቸው በኋላ ካምፑ ገብቶ፣ ሌሎቹ እስረኞች ስለ እሳቸው ሲያወሩ ሰማ። ከማገዶ እንጨት ስቅለቱን ቀረጸላቸው። እስረኞቹ በ1953 ሲለቀቁ ይዘውት ወጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከዊቺታ ፒልሰን 60 ማይል ያህል ነው። በየዓመቱ በእግር የሚሳለሙ አሉ፤ እሱን ለወጣቶቹ ለብቻው እናስብበት። አዛውንቶችና ልጆች በአውቶቡስ። ስንመለስ ዊቺታ ካቴድራል እንግባ፤ አጽማቸው ሃዋይ ከነበረበት የወታደር መቃብር ማንነቱ ተለይቶ ከ2021 ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። የአውቶቡሱን ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ።

ጸሐፊዋ፦
የተስተካከለው ይኸው፦ «ከሐውልቱ አጠገብ ምንም እንዲቆም አንጠይቅም። በሜይ 23 መጥተን እንጸልያለን፤ ስለ ቆርቆሮው ድስት፣ ስለ ፈያታዊ ዘየማንና ስለ ፊንክ መስቀል የሚናገር የአማርኛ ገጽ ይዘን እንመጣለን። በዚያው ወር ኮሪያ የደረሱ ኢትዮጵያውያንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታወሳሉ።» አስተማሪዋ ገጹን ትጻፍ፤ ጋሼ የቃኘውን ዓረፍተ ነገር ይስጧት። እስከ እሑድ ተቃውሞ ከሌለ ደብዳቤውን እልካለሁ።