ክርክር፦ ልጇን በጉዲፈቻ የሰጠች እናት ልጇን የመፈለግ መብት አላት?

የቀበናዋ፦
ቅዳሜ ማታ «ፊሎሚና»ን አየሁ። እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ስቲቨን ፍሪርስ በ2013 ያዘጋጀው፣ ጁዲ ዴንች የተወነችበት ፊልም ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊሎሚና ሊ የምትባል አየርላንዳዊት ሳታገባ አረገዘች። ሮስክሬ ከተማ ወዳለ የመነኮሳይት ቤት ተላከች። በ1952 ወንድ ልጅ ወለደች። እዚያው ልብስ እያጠበች ሦስት ዓመት ኖረች። በ1955 መጨረሻ ልጁን ለአሜሪካውያን ሰጡባት። ሃምሳ ዓመት ገደማ ትንፍሽ አላለችም። ስትፈልገው፣ ለካ በ1995 ሞቷል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። እሱም ይፈልጋት ነበር! ገዳሙ ድረስ ሄዶ ጠይቋል። አልነገሩትም። እዚያው ቅበሩኝ ብሎ ተናዘዘ። እናቱ ያገኘችው መቃብሩን ነው።

እኛም ጋ ስንት እናት አለች። እኔ መብት አላት ባይ ነኝ። ልጇ 18 ዓመት ከሞላው የት እንዳለ ልትጠይቅ፣ ጠይቃም መልስ ልታገኝ ይገባል። እናንተስ?

ከስቶክሆልም፦
እህቴ፣ እኔም ሳየው አልቅሻለሁ። ግን አልስማማም። እዚህ በማደጎ የመጡ ልጆች ቤተሰባቸውን ሲያገኙ አስተረጉማለሁ። ሁሉም ዝግጁ አይደሉም። አንዷ ከአገር ቤት የመጣላትን ደብዳቤ ሳትከፍት ሁለት ዓመት አስቀምጣዋለች። እሷ ላይ ድንገት «እናትሽ ነኝ» የሚል ስልክ ቢደወልስ? ልጁ ሲሰጥም አልተጠየቀም። ሲፈለግም ካልተጠየቀ መቼ ሊጠየቅ ነው? በሩን የሚከፍተው እሱ ይሁን።

የሶዶው፦
ወንድሜ፣ «የሰጠች» የሚለው ቃል ራሱ ያመኛል። አክስቴ በ2001 ዓ.ም. ባሏ ሞቶባት የሦስት ዓመት ልጇን ለአንድ ድርጅት ፈርማ አስረከበች። የተነገራት «ተምሮ ይመጣል፣ በየዓመቱ ፎቶ ይላክልሻል» ነው። ፎቶው ሁለት ጊዜ መጣ። ከዚያ ቢሮው ተዘጋ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። በባህሉ ብዙ ጊዜ ልጁ የወለዱትን ያውቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል። አክስቴም የገባት እንደዚያ ነው። ልጄን ዳግም አላየውም ብላ አልፈረመችም።

የሕግ ተማሪ፦
ይሄ ነገር ሕጋችንም ላይ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። አሜሪካ ሲደርስ ግን የድሮው ዝምድና በሕግ ይቋረጣል። አዲስ የልደት ሰርተፊኬት ይወጣል፣ አሳዳጊዎቹ ወላጅ ተብለው ይጻፋሉ። እናትየው የፈረመችው ወረቀት ባሕር ሲሻገር ትርጉሙ ተቀየረ። ፓርላማው በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። እስከዚያ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። ክልከላው ገና ያልሄዱትን ይጠብቃል። የሄዱትን ልጆች እናቶች ግን ማን ያናግራቸው?

መምህሩ፦
ልጆቼ፣ የምትፈልግ እናት ብቻ ተነሣች። መፈለግን የምትፈራስ? ልጅ መውለዷን ባሏ የማያውቅ፣ ጎረቤት የማያውቅ ሴት አለች። በሯ ላይ ድንገት ሰው ቢቆም ትዳሯ ሊፈርስ ይችላል። አየርላንዶች ይህን ብዙ ተጨቃጭቀውበት በ2022 ሕግ አወጡ። በጉዲፈቻ የተሰጠ ሰው ሙሉ የልደት መረጃውን ያገኛል። እናቱ «አታግኙኝ» ብትል ፍላጎቷ ይነገረዋል፣ ወረቀቱ ግን አይከለከልም። መገናኘት የሚሹ ሁሉ የሚመዘገቡበት መዝገብም አላቸው። ለኔ መልሱ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ማንም ማንንም ሳያስገድድ።

ከስቶክሆልም፦
መምህር፣ በዚህ እስማማለሁ። መዝገብ ከሆነ እኔም ነገ የማውቃቸውን ልጆች እንዲመዘገቡ እነግራቸዋለሁ።

የቀበናዋ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መዝገቡ አይበቃኝም። መዝገብ የሚሠራው ሁለቱም በሕይወት ካሉና መዝገቡ መኖሩን ካወቁ ነው። ገጠር ያለች እናት በምን ታውቃለች? ልጁ ሞቶ ከሆነስ? ዕድሜ ልኳን የማይመጣ መልስ ትጠብቅ? አድራሻውን አትስጧት፣ እሺ። በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን ግን የማንም ፈቃድ ሳይጠየቅ ልትሰማ ይገባታል። ከዚህ አልወርድም።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ደግሞ የይቅርታው ቦታ አልዋጥልሽ ብሎኛል። ፊሎሚና መጨረሻ ላይ የልጇን ነገር የደበቀቻትን አሮጊት መነኩሲት ፊት ለፊት ይቅር ትላታለች። እውነተኛዋ መነኩሲት እኮ በፈረንጆቹ 1995 ነው የሞተችው! ትዕይንቱ ለፊልም የተፈጠረ ነው። የእናትየው ደግነት ሁሉንም አስረሳን። አየርላንድ ውስጥ ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች የሚላኩባቸውን እንደዚያ ያሉ ቤቶችን የመረመረው ኮሚሽን በ2021 እንደገለጸው በ18 ተቋማት 9 ሺህ ያህል ሕፃናት ሞተዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ የጠየቁት ያኔ ነው። ይቅርታን ከእናቲቱ ብቻ መጠበቅ ልክ አይደለም።

የቀበናዋ፦
እውነትሽን ነው፤ እኔ ግን ያንን ቦታ የወደድኩት ለመነኩሲቷ ብዬ አይደለም። ፊሎሚና ጥላቻ ተሸክማ መኖር አልፈለገችም።

የሶዶው፣ አክስትህ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍ እባክህ። ከስቶክሆልም የጻፈው ወንድማችን የት እንደሚላክ ያውቅ ይሆናል።

ከስቶክሆልም፦
ጻፈው ወንድሜ። የትኛው አገር እንደሄደ ካወቅን ብዙ ነገር ይቀላል። ስሙን ግን እዚህ አትጻፍ፣ ለብቻ ላክልኝ።

የሶዶው፦
አሁን ደውዬላት ነበር። አሜሪካ ነው የሚሉት፣ ከተማውን አልነገሯትም። የተወለደው የገና ዋዜማ ነው። ግራ ክንዱ ላይ ሻይ ፈስሶበት የቀረ ጠባሳ አለ። ሌላ ምን ልጻፍ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ለቢሮው የሰጠሁት የወንድሜ ስልክ ቁጥር ዛሬም እሱው ነው፣ አልቀየርንም በልልኝ» አለች።