ልኩ ካልሆነ ይመለስ? ወይስ የተሸጠ ልብስ ተሸጠ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ እዚሁ ግሩፕ ላይ ከተነሳ ጭቅጭቅ የመጣ ነው። አንዲት አባላችን ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ቀሚስ አዘዘች። ሳይዙ ኤል ይላል። ዋጋው 3,200 ብር። ቀድማ በቴሌብር ከፈለች። ሞተረኛ አመጣላት፣ ልትለብሰው ስትል ዳሌዋ ላይ ቀረ። ለሻጯ ስትጽፍ «ኤክስ ኤል አልቋል፣ በሌላ ሞዴል እንቀይራለን፣ ብር አንመልስም፣ የሞተሩ በርስዎ ነው» ተባለች። እንግዲህ ጥያቄው፦ ልብስ ልክ አልሆነም ሲባል ሻጭ ብር ይመልስ ወይስ አይመልስ? የቻናሉን ስም መጥራት ክልክል ነው። ስድብም እንደዚያው። በሉ ቀጥሉ።

ከጀሞ፦ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ላስተካክል። ዝም ብዬ ኤል ላኩልኝ አላልኩም። ከመክፈሌ በፊት ኪሎዬን ጠይቃኝ 72 ነው አልኳት። «ኤል ዘና ብሎ ይሆንሻል ውዴ» አለችኝ። ስክሪንሾቱ አለኝ። ብሩ እስኪገባ ውዴ ነበርኩ። ቀሚሱ እምቢ ሲል «ቻናላችን ላይ የተጻፈውን ደንብ ያንብቡ» ሆነ።

የሐያት ሻጭ፦ እህቴ፣ ያጋጠመሽ ደስ አይልም። እኔም ኦንላይን ልብስ ስለምሸጥ የኛንም ስሙን። ዕቃ ከቱርክ ነው የማስመጣው። ከአንድ ሞዴል ከኤስ እስከ ኤክስ ኤል አንድ አንድ ፍሬ ነው የሚመጣልኝ። አንዷ ቀሚስ ደንበኛ ቤት አራት ቀን ስትቀመጥ፣ ሌላው «አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ የለም ተብሎ፣ ከሌላ ገዝቷል። ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ብታዩዋት! የፋሲካ ማግስት አንዷ «ጠበበችኝ» ተብላ መጣች። አንገቷ ዙሪያ የሜካፕ ፋውንዴሽን፣ ብብቷ ሽቶ፣ ታጉ በመርፌ ቁልፍ ተመልሶ ተሰክቷል። ጠብባ ከሆነ እንዴት ተጨፈረባት?

ከጀሞ፦ እኔ አልጨፈርኩባትም። አልገባችም እኮ ነው የምልሽ።

ጋሼ ከመርካቶ፦ ልጆች፣ እኔ የቆየሁ ነጋዴ ነኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነው የኖርነው። ግን ደንበኛው እዚያው ይለብሳል፣ በመስታወት ያያል፣ ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ጨርቁን ይዳብሳል፣ ዋጋ ተከራክሮ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ አይመለስም ብትለው ያምርብሃል። እናንተ መሞከሪያ ክፍሉን አስቀርታችሁ ወረቀቱን ብቻ ነው የወረሳችሁት።

የሐያት ሻጭ፦ ጋሼ፣ መሞከሪያ ክፍል እኮ የሱቅ ኪራይ ነው። ኪራይ ስለሌለብን ነው አስተያየት የምናደርገው።

ከመገናኛ፦ የምን አስተያየት? ያንኑ ቀሚስ ሱቅ ውስጥ በተመሳሳይ ዋጋ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ሲጨመር እንዲያውም እናንተ ትበልጣላችሁ።

ጠበቃው፦ ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ልብ በሉ፣ ጉድለት ነው የሚለው። የተቀደደ፣ ስፌቱ የተተረተረ፣ ዚፑ የማይዘጋ። «አልወደድኩትም» ጉድለት አይደለም። «ኤም አዝዤ ኤም መጣልኝ፣ እኔ ግን ወፍሬያለሁ» ብትል ሕጉ አያግዝህም። ሌላው ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ከ1952 ጀምሮ ሻጭ በውሉ መሠረት የሆነ ዕቃ ማስረከብ አለበት ይላል። ስለዚህ ሻጯ ስለ ዕቃው ምን ብላ ነው የሸጠችው? ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከመገናኛ፦ ደረሰኝ በሌለበት ውል ከየት ይመጣል?

ጠበቃው፦ ከቻቱ ይመጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ የተደረገ የመልእክት ልውውጥ በዚያ ምክንያት ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። ስክሪንሾቱና የቴሌብር ማረጋገጫው ይቀመጡ። «ዘና ብሎ ይሆንሻል» ያለችው ነገር ለኔ ቀላል አይደለም። ልኩን የመረጠችው ራሷ ሻጯ ናት።

የሐያት ሻጭ፦ እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ ምክር አልሰጥም። «ሳይዝሽን አንቺ ታውቂያለሽ» ብዬ እተወዋለሁ።

ከጀሞ፦ ምክሩ ይቅርብኝ። ሴንቲሜትሩን ጻፊልኝ።

ከፍራንክፈርት፦ ትክክል። ኤል ማለት ምን ማለት ነው? ጀርመን 38 የሚባለው ቀሚስ ፈረንሳይ 40 ነው፣ ጣልያን 44፣ እንግሊዝ 12። ያው አንድ ልብስ ነው። አሁን ከቻይና ጓንዡ የመጣ ኤል ከጀርመን ኤል ጋር ይገናኛል? እዚህ በአውሮፓ ኅብረት ኦንላይን የገዛኸውን ዕቃ በደረሰህ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ትሰርዛለህ። ብርህ ይመለሳል፣ መጀመሪያ የከፈልከው መደበኛ የማድረሻ ሒሳብም ጭምር። ሻጭ ለምን ብሎ አይጠይቅህም። አገራችንም ይህ ይግባ ነው የምለው።

የሐያት ሻጭ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ያለው መጋዘን ሙሉ ዕቃ ያለው ድርጅት ነው። እኔ ያለኝ ሁለት ሻንጣ ነው።

ከነታንያ፦ እስራኤልም እንደዚያው ነው፣ 14 ቀን። ሻጩ ግን የስረዛ ክፍያ መቁረጥ ይችላል፤ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው። ይሄ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ይመስለኛል። ገዢ በዘፈቀደ አያዝም፣ ሻጭም ባዶ እጁን አይቀርም። ወደ እስራኤል ለፈለሱ አዲስ መጪዎች ደግሞ በመጡ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆነ፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው ወይም ተጻጽፈው የገዙትን እስከ አራት ወር የመሰረዝ መብት አለ። እናቴ ይህን ሳታውቅ ስንት ነገር ተሸክማ ቀርታለች።

ከመገናኛ፦ አራት ወር! ሐያቶች ይህን እንዳይሰሙ።

ከፍራንክፈርት፦ አንድ ነገር ልጨምር። መሰረዝ ማለት ለብሰህ ከርመህ መመለስ አይደለም። ሱቅ ውስጥ እንደምትሞክረው ነው የሚፈቀደው። ከዚያ አልፈህ ከተጠቀምክበት ሻጩ ዕቃው ያጣውን ዋጋ ይቆርጣል። ፋውንዴሽን የነካት ቀሚስ እዚህም ቢሆን ሙሉ ብር አታስመልስም። የመመለሻ ፖስታውንም ሻጩ እከፍላለሁ ካላለ የሚከፍለው ገዢው ነው። ትልቁ የልብስ ድርጅት ዛራ እንኳ ከ2022 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በእንግሊዝ በፖስታ ለሚመለስ ልብስ ማስከፈል ጀምሯል።

የሽሮ ሜዳዋ፦ እኔ በሌላ በኩል ልግባ። የሀበሻ ቀሚስ ነው የምሠራው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ውጭ ናቸው፤ ዲሲ፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይ። ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ ቢመለስ ለማን እሸጠዋለሁ? ጥልፉ እሷ በመረጠችው ቀለም፣ ቁመቱ ለሷ ጫማ ተብሎ።

ከፍራንክፈርት፦ የአውሮፓውም ሕግ በትእዛዝ የተሠራውን ከ14 ቀኑ ያወጣዋል። እዚያ ላይ ልክ ነሽ።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ሕጉ ቢያወጣኝም ጭቅጭቁ አያወጣኝም። ቀሚሱ ለሠርግ ነው፣ ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ሙሽራዋ በቪዲዮ እያለቀሰች ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። አንዷ ወገብ 30 ብላ ትልካለች። በሴንቲሜትር 30 የሕፃንም ወገብ አይሆን፤ ኢንች መሆኑ ይገባኛል፣ 76 ሴንቲ አደርገዋለሁ። አስቸጋሪዋ 38 ብላ የምትጽፈዋ ናት። 38 ኢንች ነው? ወይስ የጂንሷ ታግ ላይ ያነበበችው? አንዷ ደግሞ በጂንስና በሹራብ ላይ ተለክታ ትልካለች። ቀሚሱ ሲደርስ ጆንያ ሆነ ትላለች። ሌላዋ በጠፍጣፋ ጫማ ትለካና የሠርጉ ቀን ባለ ተረከዝ ታደርጋለች፣ ቁርጭምጭሚቷ ይታያል።

ስለዚህ አሁን ብር ከመቀበሌ በፊት ቪዲዮ አስልካለሁ። ሜትሩ ሲዞርባት፣ ቁጥሩ እየታየ፣ የሚለካትም ሌላ ሰው መሆን አለበት። ራሷን የምትለካ ሴት ሆዷን ትስባለች፣ ልማድ ነው። በጎንና በጎን ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ። ጠበበኝ ካለች እዚያው ያለ ልብስ ሰፊ ይለቀዋል፣ እኔ የሰፊውን እከፍላለሁ። ከዲሲ አስመልሶ ሠርቶ እንደገና መላክ ለማናችንም አያዋጣም። ጨርቁን ግን አስቀድሜ አጥቤ ካልሰፋሁት ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። የሽመና ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ «ልክ ነበረ፣ ካጠብኩት በኋላ ጠበበኝ» የሚለው አቤቱታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የሐያት ሻጭ፦ እሺ፣ የኔ ግን የተሰፋ ልብስ ነው። ምኑን እለቀዋለሁ?

የሽሮ ሜዳዋ፦ አትለቂውም። ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈሽ ሜትር አድርገሽበት ፎቶ አንሺ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ከዚያ ደንበኛሽን ስለ ኪሎዋ አትጠይቂያት። ሁለት 72 ኪሎ ሴቶች አንዷ ደረቷ ላይ አንዷ ዳሌዋ ላይ ናቸው። «ቤትሽ ካለው ልብስ ልክ የሚሆንሽን አንጥፈሽ ለኪና ላኪልኝ» በያት። ልብስ ከልብስ ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ይቀንሳል።

የሐያት ሻጭ፦ ለስንቱ ቀሚስ? በቀን ሰላሳ ፖስት አደርጋለሁ እኮ።

ጋሼ ከመርካቶ፦ እንግዲያው ሃያ ፖስት አድርጊ የኔ ልጅ።

ሞተረኛው፦ ስለኔ ማን ያወራል? ሻጭ «በር ላይ ትሞክረው» ትላለች። ደንበኛ ሦስተኛ ፎቅ ናት። እኔ ታች ፀሐይ ላይ። «መጣሁ መጣሁ» ሃያ ደቂቃ። እኔ ሌላ ሦስት ዕቃ ይዣለሁ። ከዚያ «አልሆነም፣ ውሰደው» ትላለች። የመልሱን ማን ይከፍላል ስል ሻጭ ደንበኛዋን፣ ደንበኛ ሻጯን። አንዴ ከሲኤምሲ እስከ ጀሞ በነጻ ይዤ ተመልሻለሁ።

ከጀሞ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ግን በር ላይ መሞከሩ ነው ትክክለኛው። አሥር ደቂቃ ይሁን። ልክ ከሆነ እከፍላለሁ። ካልሆነ የሞተሩን የደርሶ መልስ እኔ እከፍላለሁ፣ ልብሱን ይዘህ ትሄዳለህ። በቃ፣ ተለያየን።

የሐያት ሻጭ፦ ሲደርስ ክፈይ ብዬ ሞክሬዋለሁ። ሞተረኛው ሲደርስ ስልኳ ዝግ። ቀብድ ያላስያዘ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ የሞተሩን ቀድማ ትክፈል፣ የልብሱን በር ላይ። እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ከበር ላይ ካለፈ ግን ብር አልመልስም፣ በሌላ ዕቃ እለውጣለሁ። ወይም 3,200 ብሩ እኔ ጋ ይቆይላት፣ ሌላ ጊዜ ትውሰድ።

ከመገናኛ፦ ሌላ ጊዜ ማለት መቼ? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። የኔ 3,200 አንቺ ጋ ሲቆይ ቀሚስሽ 4,000 ይገባል። ከዚያ ጭማሪ ክፈይ ትይኛለሽ።

የሐያት ሻጭ፦ እኔም እኮ ዕቃውን መልሼ ሳመጣው በአዲሱ ዋጋ ነው።

ከመገናኛ፦ ያችን የተመለሰችዋንም በአዲሱ ዋጋ ነው የምትሸጫት። ስለዚህ አልከሰርሽም።

አወያይ፦ ረገብ በሉ። ጠበቃው፣ በሷ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር በል።

ጠበቃው፦ እህቴ ከጀሞ፣ ቀሚሷ አለች?

ከጀሞ፦ አለች፣ ታጉ እንኳ አልተበጠሰም።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ዳሌሽ ስንት ነው የኔ እህት? ቀሚሷንስ ለክተሻታል?

ከጀሞ፦ እኔ 104 ነኝ። አሁን አንጥፌ ለካኋት። ከጎን ጎን 47። ሁለት ጊዜ ሲባል 94። ጨርቋ አይለጠጥም።

የሽሮ ሜዳዋ፦ 94? ታጉ ምንም ይበል፣ ይቺ ኤል አይደለችም። በብዙ ሰንጠረዥ ኤስ ወይም ኤም ናት።

ጠበቃው፦ ሜትሩ ላይ እንዳለች ፎቶ አንሻት፣ ታጉም ይታይ። ከዚያ ላኪላት። አሁን ጉዳዩ «ልክ አልሆነኝም» መሆኑ ቀረ። ኤል ብላ የሸጠችው ኤል አይደለም። 15 ቀን አልሞላሽም፣ እምቢ ካለች ንግድ ቢሮ አቤት በይ።

የሐያት ሻጭ፦ ቆይ ጠበቃው፣ ታጉን እኮ የለጠፈው ፋብሪካው ነው። እሷ ከየት ታምጣ?

ከጀሞ፦ እሷ ፋብሪካውን ትጠይቅ። እኔ ብር ያስገባሁት በሷ ስልክ ነው።