ትምህርት ቤቱ «ሌላ ቦታ ፈልጉለት» አለን፤ ልቀይረው ወይስ ልታገል?

የትንሹ እናት፦
ሰላም ናችሁ። ዛሬ ሆድ ብሶኝ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመ ይቅርታ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። ከኬጂ ጀምሮ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። እስከ አምና «ትንሽ ቀዥቃዣ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አልነበረም። ዘንድሮ ግን ሥራ ቦታ ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ከወንበሩ ይነሳል፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ሰልፍ ላይ ይጋፋል። ባለፈው ወር የአንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ ወርውሮ ሰበረ። ገዝተን ተካን፣ ወላጆቹንም ይቅርታ ጠየቅን። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ጥሩ ነገር ተጽፎ አላየሁም፣ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ካልሲው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። ከኮሙኒኬሽን ቡኩ የተቀደደ ገጽ ነው። ውሃ ገብቶበት ቀለሙ ፈስሷል፣ «ረበሸ» የምትለዋ ብቻ ትነበባለች። እንዳላይበት ካልሲው ውስጥ ከትቶ በሰርቪስ እስከ ቤት ይዞት መጥቷል ማለት ነው። አልተቆጣሁትም። እንዴት ብዬ ልቆጣው?

ሐሙስ ዕለት ዩኒት ሊደሯ እኔንና አባቱን ጠርታ «የሚስማማው ቦታ ብትፈልጉለት ለሁላችንም ጥሩ ነው፣ መሸኛውን እናዘጋጃለን» አለችን። (አጥራቸው ላይ «እያንዳንዱ ልጅ ልዩ ነው» የሚል ተለጥፏል። ልዩ የሆነ ልጅ ሲመጣ መሸኛ!) ቤትም ቅብጥብጥ ነው፣ ግን ካርቶን ቆራርጦ ታክሲ ሲሠራ ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አይልም። እናቴ ጠበል ውሰጂው ትላለች፣ ባለቤቴ ወንድ ልጅ ነው ሲያድግ ይተወዋል ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቲቸር ነኝ፦
እህቴ፣ እኔ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፣ 9 ዓመቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፍሌ ውስጥ 42 ልጆች አሉ፣ አንዱ ሲነሳ አምስቱ ይከተሉታል። በቀይ እስክሪብቶ እኔም ብዙ ጽፌያለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «ረበሸ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በስንት ሰዓት? በየትኛው ክፍለ ጊዜ? ከማን አጠገብ ተቀምጦ? ከዚያ በፊት ምን ተባለ? ይህን ለሁለት ሳምንት እንዲመዘግቡልሽ ጠይቂ። አምና አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ስንመዘግብ የሚረብሸው ከእረፍት በፊት ባለው ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሰርቪስ የሚወስደው ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። የአንቺም ልጅ እንደዚያ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ግን ሳይታወቅ መሸኛ ምን ያደርጋል? አዲሱ ትምህርት ቤትም በሁለተኛው ወር ይደውልልሻል።

ደግሞ ዩኒት ሊደሯን ተያትና የክፍል አስተማሪዋን አናግሪ፣ ሲለቀቁ በር ላይ ሳይሆን ቀጠሮ ይዘሽ። ፊት ለፊት ታስቀምጠው፣ ሥራውን ከፋፍላ ትስጠው፣ መነሳት ሲያምረው ደብተር ይሰብስብ፣ ማርከር ያምጣ። በቀን አንድ ጥሩ ነገርም ትጻፍለት።

ቆራጡ፦
በእኛ ጊዜ በርበሬ ይታጠን ነበር፣ አለቀ። አሁን ልጅ ተቀማጥሎ ነው። የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ለብሩ ሲል አይነካውም።

ቲቸር ነኝ፦
ጋሼ፣ በርበሬ የታጠኑት አብረውኝ ተምረዋል፣ ከትምህርት ቤት ፎርፈው ኳስ ሜዳ ነበር የሚውሉት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ይላል። ለብር ብለን አይደለም።

የሁለት ልጆች አባት፦
በዚሁ መንገድ አልፈናል። እኛ መጀመሪያ ጆሮና ዓይኑን አስመረመርን፣ ምክንያቱም የማይሰማ ወይም ሰሌዳ የማይታየው ልጅም «አይታዘዝም» ይባላል። ሁለቱም ደህና ሲሆኑ ሪፈር አጽፈን የካቲት 12 ሆስፒታል የልጆች የአእምሮ ሕክምና ሄድን። ስሙን ስትሰሚ አትደንግጪ። ዶክተሯ ስለ ትምህርት ቤት ብቻ አልጠየቀችም፤ ቤት፣ ጎረቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሁሉንም ጠየቀች። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከመጠን በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ለማለት ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ የሚታይና 6 ወር የቆየ መሆን አለበት አለችን። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያን ቦታ ነው ማየት የሚሻለው። የእኛ ኤዲኤችዲ ነበር። መድኃኒት ከዓመት በኋላ ነው የጀመርነው፣ ትምህርቱን ረድቶታል፣ ምሳ ግን አልበላም እያለ አስቸግሮናል። ጠበልም ወስደነዋል፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ የ1975 የፌዴራል ሕግ አለ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስፈልገው ልጅ ምርመራውንም ድጋፉንም በነጻ ያቀርባል። አይኢፒ የሚሉት ለዚያ ልጅ ብቻ ተብሎ በጽሑፍ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ ነው። የግል ትምህርት ቤት ግን በዚያ ሕግ አይኢፒ የመስጠት ግዴታ ስለሌለበት ልጄን ከግሉ አውጥቼ መንግሥት አስገባሁት፣ ሐበሻው ሁሉ «ምነው ገንዘብ አጠረሽ?» አለኝ። የአንቺ ሌላ አገር ነው፣ ግን አንድ ነገር ልስጥሽ፦ በቃል የነገሩሽን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ያኔ አነጋገራቸው ይቀየራል።

የትንሹ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመሸኛውን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ ስላቸው ዩኒት ሊደሯ «እስከ ተርሙ መጨረሻ እንየው» አለች! የክፍል አስተማሪዋ ደግሞ ቁጭ ብላ ስታስበው አብዛኛው ነገር ከሰሌዳ በሚገለብጡበት ሰዓት ነው የሚፈጠረው። ማክሰኞ ዓይኑን ላስመረምር ነው። የሁለት ልጆች አባት፣ ሪፈሩን ከየት ነው ያጻፋችሁት?

የሁለት ልጆች አባት፦
ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ። ኮሙኒኬሽን ቡኩን ይዘሽ ሂጂ፣ የእኛን ዶክተሯ ገጽ በገጽ ነው ያየችልን። የካልሲዋንም ወረቀት ያዢ።