ራስ ምታቴ መላ አጣሁለት፤ ሐዋሳ ጥሩ የነርቭ ሐኪም የምታውቁ?

እንደምን ናችሁ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። ራስ ምታቱ ሲነሳብኝ በግራ በኩል ይዞ ከልብ ምቴ እኩል ይጠዘጥዛል። ከመጀመሩ በፊት ዓይኔ ላይ የተሰበረ መስታወት የመሰለ ብልጭታ ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲጠፋ ሕመሙ ይከተላል። ከዚያ ብርሃን አልችልም፤ የባጃጅ ጡሩምባ ሲሰማኝ ያስመልሰኛል። ቡና ሲቆላ እንኳ ከቤት እወጣለሁ፤ ቡና ለሚወድ ሰው ደግሞ ይሄ ቅጣት ነው።

አንድ ክሊኒክ "ሳይነስ ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ሌላው ታይፎይድ አለ። ሲቲ ስካኑ ምንም አላሳየም፣ ዓይኔም ደህና ነው ተባልኩ። እናቴ ጠበል ትላለች፤ እሱንም አልተውኩም። "ማይግሬን ሊሆን ይችላል" ያለኝ ግን አንድ ወጣት ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ተቀየረ።

አሁን የምውለው በአይቡፕሮፌንና በፓራሲታሞል ነው። እነዚህ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት እንደሚያመጡ ካነበብኩ ወዲህ ግን ፈርቻለሁ። ማቆምም አልቻልኩም።

ሕመሙ እንዳይነሳ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሮፕራኖሎል አስም ስላለብኝ አይሆነኝም፣ ፋርማሲስቷ ነግራኛለች። ሌላውን፣ አሚትሪፕቲሊንን፣ የወሰዳችሁ አላችሁ? የሚያመጣው እንቅልፍ ጠዋት ሥራ ያስገባል ወይ? "ውሃ ጠጪና ተኚ" የምትሉኝ፣ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ እሱን ሞክሬዋለሁ።

እዚሁ ሐዋሳ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ የነርቭ ሐኪም ካለ ጠቁሙኝ። ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ? ስሄድስ ምን ይዤ ልሂድ?