ፕሮጀክተሩ ነጩን ቢጫ አድርጎ ያሳያል፤ ፓነሉ ነው ወይስ ፖላራይዘሩ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ባንድ ትምህርት ቤት የሚሠራ ባለ ሦስት ፓነል ኤልሲዲ ፕሮጀክተር ነው። ነጭ ገጽ ሲከፈት መሃሉ ላይ እንጀራ የሚያህል፣ ጠርዙ የደበዘዘ ቢጫ ጠባሳ ይወጣል። ላምፑ 2,900 ሰዓት ሠርቷል። ኬብልና ላፕቶፕ ቢቀየርም ያው ነው፤ የራሱ ሜኑ ላይም ይታያል። «ፓነሉ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ተብለናል። በርግጥ ተስፋ የለውም?

ቦርከና፦
ለመግዛት አትቸኩል ወንድሜ። ነጭ ላይ ቢጫ ከታየ ሰማያዊው ጎድሏል ማለት ነው። የላምፑ ብርሃን ለሦስት፣ ማለትም ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቀለም በየፓነሉ (ምስሉን በሚሠራው ትንሽ የፈሳሽ ክሪስታል መስታወት) አልፎ ቀለሞቹን በሚያገናኘው መስታወት፣ በፕሪዝሙ ላይ ይገናኛል። ፈሳሽ ክሪስታሉ የሚያደርገው የብርሃኑን የፖላራይዜሽን አቅጣጫ (ሞገዱ የሚርገበገብበትን) ማዞር ብቻ ነው፤ የሚያሳልፈውም የሚያግደውም ከፓነሉ ፊትና ኋላ ያለው ባለ ፊልም መስታወት፣ ፖላራይዘሩ ነው። ሰማያዊው መስመር ቀድሞ የሚጎዳው ሞገዱ አጭር፣ ጉልበቱ ከፍተኛ ስለሆነ ነው።
ክፍሉን አጨልመህ ጥቁር ገጽ ክፈት፤ ከዚያ ሙሉ ሰማያዊ። ምን ታያለህ?

የጦሳ ልጅ፦
ጥቁሩ ንጹሕ ነው። ሰማያዊው ላይ ግን መሃሉ ጠቁሯል።

ቦርከና፦
እንግዲያው የሰማያዊው ፖላራይዘር ፊልም ተቃጥሎ ብርሃኑን እየዋጠ ሊሆን ይችላል፤ አውጥቶ ማየት ነው። ከሶኬት ነቅለህ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ላምፑን ከነቤቱ አውጣ፣ ሜርኩሪ ስላለበት እንዳይሰበር። የፍሌክስ ኬብሎቹን (ቀጫጭን ጠፍጣፋ ኬብሎች) መቆለፊያ በጥፍርህ ከፍተህ አላቅቅ፤ ዝም ብለህ ከሳብክ ይቀደዳሉ። ሰርኪዩት ቦርዱ ሲነሳ ፕሪዝሙን በሦስት ጎን የከበቡት ፓነሎች ይታያሉ።
እነሱን ከፕሪዝሙ እንዳትፈታ! በማይክሮን ልክ ተስተካክለው የተጣበቁ ናቸው፤ ከተነቃነቁ ቀለሞቹ አይገጥሙም፣ ፊደሉ ሁሉ ባለ ቀለም ጥላ ያወጣል። የምትፈልገው ከፓነሉ ፊትና በፓነሉና በፕሪዝሙ መካከል ያሉትን ትንንሽ መስታወቶች፣ ማለትም ፖላራይዘሮቹን ነው፤ በብዙ ሞዴል ወደ ላይ ይሳባሉ። ከመሳብህ በፊት የትኛው ጎን ወደ ላምፑ እንደሚያይና የቱ ወደ ላይ እንደሆነ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርግ። 90 ዲግሪ ዞሮ ከገባ ሰማያዊው እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ይገለበጣል።
ላፕቶፕ ላይ ሰማያዊ ገጽ ከፍተህ መስታወቱን ስክሪኑ ፊት ቀስ እያልክ አዙረው። ጤነኛው ባንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ 90 ዲግሪ ላይ ይጨልማል። የተቃጠለው መሃሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ቡናማ ክብ አለው። በብዛት የሚቃጠለው የመውጫው (በፓነሉና በፕሪዝሙ መካከል ያለው) ነው፤ ምስሉ ጨለማ ሲሆን የታገደውን ብርሃን የሚውጠው እሱ ነውና። ሁሉም ንጹሕ ከሆኑ ግን ጥፋቱ የፓነሉ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ሙሉውን የፕሪዝም ብሎክ መቀየር ነው።
መለዋወጫውን ላምፑ ወይም ፓወሩ ከሞተ ተመሳሳይ ሞዴል አውጣ። ከሞኒተር የተቆረጠ ፊልም ሙቀቱን አይችልም፣ ቶሎ ያርራል። አቧራውን በእጅ ብሎወር ብቻ አራግፍ፤ ፊልሙን አልኮል አታስነካው።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርከና ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱ ካልተነቀለ አዲሱም ይቃጠላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል አንጻር በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ሜኑው ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ ሞድ» የሚል፣ ለከፍታ ቦታ ፋኑን የሚያፈጥን ምርጫ አለ፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ ያዛሉ፣ ከፋብሪካ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኮምቦልቻም ብትሆን ከዚያ በላይ ናት። ፋኑ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፊልተሩንም የጠመኔ ብናኝ ቶሎ ስለሚደፍነው በየሁለት ሳምንቱ አራግፉት።
መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ፋኑ ቆሞ የላምፑ ግለት ውስጥ ይቀራል። 300 ዋት ለሚወስድ ፕሮጀክተር 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ) በቂ ነው፤ ትምህርት ለመቀጠል ሳይሆን በሪሞት አጥፍቶ ፋኑ እስኪቆም ለመጠበቅ።