ለቅሶ መድረስ ነው ወይስ እጅ መስጠት?

ሐመረ ኖህ
ትናንት በእድራችን ቴሌግራም ላይ አንዲት እህት የጻፈችውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሥራ ባልደረባዋ ታይላንዳዊት ናት። የባልደረባዋ እናት ከሞቱ 100ኛ ቀናቸው ነበር። እህታችን እዚህ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የታይ ቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ሄደች። ጫማዋን አውልቃ የቡድሃ ምስል ፊት ተቀምጣ አረፈደች። ስትወጣ እጇ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ፎቶውን ለጥፋ "ደስ የሚል ሰላም አለው" ብላ ጻፈች። አንገቷ ላይ ማተብ፣ እጇ ላይ የሌላ አምልኮ ክር። ለመነኩሴያቸው እጇን ዘርግታ ሰጠች። ይሄ ለቅሶ መድረስ አይደለም፣ እጅ መስጠት ነው።

ባንኮክ ተመላላሽ
አባቴን ለህክምና ባንኮክ ወስጄ ነበር። በመሀል ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ገብተን 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ ትኬት ቆርጠን አየን። ጫማ አውልቀን ፎቶም ተነሣን። አገር ቤት ስንመለስ አንድም ሰው እጅ ሰጣችሁ አላለንም። ለፎቶ ሲሆን ችግር የለውም፣ ለጓደኛ እናት ሲሆን ግን ክህደት ነው?

ሐመረ ኖህ
አገር ጎብኚ ሥርዓቱ ውስጥ የለም። አይቶ ይወጣል። እሷ ጸሎት ላይ ተቀምጣለች። ቀኖናችን የሚከለክለው አብሮ መጸለይን ነው።

ወሎዬው
ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ እኛ ጋ ብትመጡ ታያላችሁ። ጎረቤታችን ሼኹ ሲሞቱ አባቴ ቃሬዛ ተሸክሟል። ሶላቱ ሲጀመር ግን ክርስቲያኑ ወደ ጎን ይቆማል። አያቴ ስታርፍ ደግሞ ሙስሊሞቹ እስከ ቅጽሩ በር መጥተው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ማንም በማንም አልተቀየመም። ልጅቷ መሄዷ ልክ ነው። ጥያቄው መግባቷ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

የሌሊት ፈረቃ
ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ስለ እኔ ሲወራ ዝም ማለት ስላልቻልኩ የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

አባቴ አገር ቤት ሲያርፍ እዚህ መርዶ ተቀምጬ ነበር። ያቺ ታይላንዳዊት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ ቤቴ መጣች። ሦስት ቀን መጣች። ለ40 ተዝካሩ ነጠላ አውሼያት ቤተ ክርስቲያን አብራኝ ገባች፣ ጫማዋን አውልቃ እስከ መጨረሻው ቆመች። ስለዚህ የእናቷ ቀን ሲደርስ አልመጣም ልላት አልቻልኩም።

ስገባ ፈርቼ ነበር። ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። እግር ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ወደ ምስሉ ወይም ወደ መነኮሳቱ መዘርጋት ነውር ነው። ይህን ጓደኛዬ ቀድማ ነግራኛለች። መነኮሳቱ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ናቸው። ጸሎቱ በፓሊ፣ በጥንቱ የቡድሂስቶች መጻሕፍት ቋንቋ ነው፣ ዜማው ረጅምና ዝግ ያለ። ሌሎቹ ሦስት ጊዜ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሲሰግዱ እኔ አልሰገድኩም። ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ማንም ለምን አላለኝም። በኋላ ቤተሰቡ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ውሃ ቀስ እያሉ ሳህን ላይ አፈሰሱ። የሠሩት በጎ ሥራ ለሟቿ እንዲደርስላት ነው አሉኝ። ያኔ አባቴ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ።

ክሩን ደግሞ መነኩሴ አላሰረልኝም። የእነሱ መነኩሴ ሴት አይነካም፣ ዕቃ እንኳ ከሴት እጅ በቀጥታ አይቀበልም፣ ጨርቅ ዘርግቶ ነው። ያሰሩልኝ የጓደኛዬ አክስት ናቸው። "እጇን ለመነኩሴ ሰጠች" የተባለው ሐሰት ነው።

ሐመረ ኖህ
መነኩሴም አክስትም ያው ነው። እጅ ሰጥተሻል።

ባንኮክ ተመላላሽ
ያው አይደለም። ያልሆነ ነገር ጻፍክ፣ እሷ አረመችህ። መጀመሪያ ይቅርታ በላት።

ሐመረ ኖህ
ማን እንዳሰረው በመሳሳቴ ይቅርታ። በነገሩ ግን እንደጸናሁ ነኝ። ሠለስቱ ደቂቅ "ቁጭ ብለን ብቻ እናያለን" አላሉም። እሳቱን መረጡ።

የግዕዝ ተማሪ
ሠለስቱ ደቂቅ እንዲሰግዱ ታዘው ነው እምቢ ያሉት። እሷን ማን አዘዛት? ይልቅ ንዕማንን አንብብ፣ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5። ጌታው በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ በንዕማን እጅ ይደገፋል። ንዕማን ይህን ለኤልሳዕ ነግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ነቢዩ ያለው "በሰላም ሂድ" ነው። እዚያም የተሰጠ እጅ አለ።

ሐመረ ኖህ
ንዕማን ይቅርታ ጠይቋል። እሷ "ደስ የሚል ሰላም" ብላ ለጠፈች። ልዩነቱ ይሄ ነው!

ቃሉ ብቻ
ከውጭ ሆኜ ሳየው ሁላችሁም ስለ ክር ነው የምታወሩት። ክር አያድንም። አንገት ላይም ይሁን እጅ ላይ።

እመ ብርሃን
ማተባችንን ከዚያ ጋር አታወዳድር። ስንጠመቅ የታሰረልን የቃል ኪዳን ምልክት ነው። ለእሱ ሲሉ አንገታቸውን የሰጡ አሉ። አንተ "ክር" ስትል እኔን አያቴን እንደመስደብ ነው።

ቃሉ ብቻ
አያትሽን አልሰደብኩም። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ማተብ የት አለ ብዬ ነው የምጠይቀው።

እመ ብርሃን
የአንተ አዳራሽ ውስጥ ያለው ኪቦርድስ የት አለ?

ወሎዬው
እባካችሁ ወደ ነገሩ እንመለስ። ማተብና ኪቦርድ ሌላ ቀን።

የግዕዝ ተማሪ
አንድ ነገር ልጨምር። ገድለ በራላም ወይዋሴፍን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ይዋሴፍ የንጉሥ ልጅ ነው። ሕመምና እርጅና እንዳያይ አባቱ ቤተ መንግሥት ዘግቶበት ያሳድገዋል። ሲወጣ በሽተኛ ያያል፣ ሽማግሌ ያያል፣ በኋላም ዓለምን ይንቃል። ይህ ታሪክ ከቡድሃ ሕይወት የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ተስማምተውበታል። ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ዞሮ ዐረብኛ ደረሰ። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553። አባቶቻችን ሲያነቡት የኖሩት ታሪክ ከዚያ ሰፈር ነው የመጣው። እነሱ ያልፈሩትን እኛ ምን አስፈራን?

ሐመረ ኖህ
ታሪኩ እኛ ጋ የደረሰው ክርስቲያን ሆኖ ነው። ይዋሴፍ የሚጠመቀው በክርስቶስ ስም ነው። መጽሐፍ ተርጉሞ ማስገባትና ራስህ ሄደህ መግባት አንድ አይደለም። ዕንባቆም እጅ አልሰጡም።

የግዕዝ ተማሪ
አሁንም እጅ። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች ቃል አልወጣህም። ሐዘንተኛ ስታጽናና እጅ አትሰጥም? ለቅሶ ቤት ገብተህ "እግዜር ያጥናሽ" ስትል እጇን ጨብጠህ አይደለም?

እመ ብርሃን
እኔ ልጅቷን አልኮንንም፣ ሐዘን ሐዘን ነው። እናቴ ግን "ቡድሃ" የሚለውን "ቡዳ" ሰምታ ጸበል ሂጂ በያት ብላኛለች። ስሙን አስረዳኋት። ቢሆንም የልቧ ፍርሃት አልወጣም፣ እሷንም አልፈርድባትም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እዚያ በላሽ?

የሌሊት ፈረቃ
መነኮሳቱ ከቀትር በፊት ነው የሚበሉት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት አይበሉም። እነሱ ከበሉ በኋላ ሕዝቡ ይበላል። እኔ ሩዝና ማንጎ በላሁ። ሥጋ አልነካሁም።

ሐመረ ኖህ
ለጣዖት የቀረበ ከሆነስ? ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም የተናገረውን ታውቂያለሽ። እኔ ያ ደካማ ወንድም ነኝ በይ። ፎቶውን አይቼ ተሰናክያለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ። የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ እዚህ የተወለደች። "አባዬ ታዲያ ሁሉም አንድ ነው ማለት ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

የሌሊት ፈረቃ
ይሄን ቀድመህ ብትጽፈው እኔም አልቆጣም ነበር። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። መሄዴን ግን አልጸጸትበትም። ለልጅህም ሁሉም አንድ ነው አላልኩም። እኔ እዚያ እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ መሆኔን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም አውቀውታል። አትስገጂ ብሎ የነገረኝ ማተቤ ነው።

ባንኮክ ተመላላሽ
እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዲሲ 16ኛው ጎዳና ላይ ያለው የቡድሂስት ገዳም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ አብዛኞቻችን እዚህ ሳንመጣ። ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ይሞታል። ሁሌ ዛፍ ሥር ልንጠብቅ ነው?

ወሎዬው
ዛፍ ሥር መጠበቅ ንቀት አይደለም! እኛ በዚያ ነው ተከባብረን የኖርነው። እንደ ቀላል ነገር አታውራው።

ባንኮክ ተመላላሽ
አልናቅኩትም። እሷ ግን የተጋበዘችው ውስጥ ነው። ጓደኛዋ እጇን ይዛ አስገባቻት።

ሐመረ ኖህ
ክሩስ? አሁንም እጅሽ ላይ ነው?

የሌሊት ፈረቃ
አለ። ሥራ ላይ ከጓንቱ ሥር ነው።

ሐመረ ኖህ
የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው ፍቺው ካሉሽ ፍቺው።

የሌሊት ፈረቃ
እሑድ ጠይቄያቸዋለሁ። ያሉኝን ግን እዚህ አልጽፍም። የእሳቸውና የእኔ ነው።

ሐመረ ኖህ
ፎቶውን ለሁላችን ለጥፈሽ መልሱን ለብቻሽ?

እመ ብርሃን
ተዋት። የንስሐ ነገር በቴሌግራም አይጠየቅም።