በሚካኤል ቀን ቡና መልቀም ነውር ነው?

የአጂፕ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ጎረቤት ቡና ላይ የተነሣ ወሬ እንቅልፍ ነሣኝ። አንዲት እናት ኅዳር 12 የቡና እሸት ስትለቅም ታየች ተብላ፣ «ገንዘብ ከመልአኩ በለጠባት» ተባለች። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ጽዮን። የጂማ ቡና የሚቀላውም በዚሁ ሰሞን ነው። የቀላ እሸት ደግሞ በዓሉ እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ሴትየዋ የሚከፈላት በኪሎ ነው። መጽሐፉስ «ስድስት ቀን ሥራ» ይል የለ?

ከሂርማታ፦
እህቴ፣ በዓል ማክበር ስንፍና አይደለም። ሥራ ብቻ የሆነ ሰው ነፍሱ ትደርቃለች። ጌታ የገሠጸው ማርታን እንጂ ማርያምን አይደለም።

ከፈረንጅ አራዳ፦
ማርታ የተገሠጸችው ስለሠራች ሳይሆን በብዙ ስለታወከች ነው። ጳውሎስ እኮ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው ወንጌል ያስተማረው። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለውም እሱ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዓርብ ሱቅ ዘግተው ጁምዓ ይሰግዳሉ፤ ከሶላት በኋላ መልሰው ይከፍታሉ። እኛስ ከቅዳሴ በኋላ ብንሠራ ምን ይለናል?

የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠራተኛ፦
የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ የበዓል ቀን ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሸራ የሚያለብስ ሰው አልነበረም። ስንመለስ የታጠበው ቡና አልጋው ላይ ረስርሷል። እጄን ከተትኩበት፤ ያሟልጫል። ውሎ ሲያድር ሸተተ። ጌታ በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በሬ የማያወጣው ማን ነው ብሎ የለ? ያን ቀን እኛ በሬውን ትተነው ሄድን።

ከሂርማታ፦
ሸራ ማልበስን ማንም አይከለክልም፤ ቀኑን ሙሉ መልቀም ግን ሌላ ነው። ደግሞ ይሄንንም አስቡ። ዛሬ እኛ «በበዓልም ይሠራ» ካልን፣ ነገ አሠሪው «ያልመጣ ይቅር» ይላል። ያቺ እናት ወገቧን የምታሳርፈው በዚያ ቀን ብቻ ቢሆንስ?

የአጂፕ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ዕረፍቷ ያለ ክፍያ ነው። ሳትሠራ በዋለችበት ቀን ልጆቿ ምን ይበላሉ? እኛ በ12 ጽዋ እንጠጣለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን። በሯን ያንኳኳ ግን ከመሃላችን የለም፤ እኔም አላንኳኳሁም። «አትልቀሚ» ማለት የሚቻለው የቀኗን ከቻልንላት በኋላ ይመስለኛል። ነገ ጽዮን ናት። ከቅዳሴ ስወጣ ዱቄትና ዘይት ይዤ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ አጂፕ ሰፈር እጠብቃለሁ።